በዕቁብ ብር የተሠራ አጭር ፊልም፦ የአንዲት የቱሉ ዲምቱ ልጅ ጉዳይ

ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። «የትኛውን ልግዛ?» ይሉኛል። ሥራዬ ኤዲቲንግ ነውና ጥያቄው እኔ ጋ መምጣቱ አይገርምም። መልሱ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ የአንዲትን ልጅ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ላስቀምጥ። እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟን፣ የምትኖርበትን ብሎክና የምትሠራበትን የሠርግ ቪዲዮ ቤት ግን አልጠቅስም።

ልጅቷና ሠፈሯ

22 ዓመቷ ነው። ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ አይቋረጥም።

እናቷ እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። የሚጋግሩት በግቢው የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌሎች ጎረቤቶችም እዚያው ምጣድ ተክለዋል። ልጅቷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ታግዛቸዋለች። እንጀራውን ሱቅ ለሱቅ አድርሳ ስትጨርስ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሃይገር እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ባቡር እስከ ሳሪስ።

የሃይገሩ ሰልፍ ረጅም ነው። ሰው ይነጫነጫል፤ እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ትጽፋለች። የምትጽፈው ሰው ያለውን ነው፣ እንዳለው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከፊቷ ቆመው በስልክ «ደርሻለሁ በቃ፣ ቃሊቲ ነኝ» ሲሉ ሰማች። ሰልፉ ገና ነቅነቅ አላለም ነበር። ይህን ስታሳየኝ ሥር ላይ «ፊታቸው አልዋሸም» ብላ ጽፋበታለች። ልጅቷን ከምር መከታተል የጀመርኩት ያኔ ነው። የሰውን አፍና ፊት ለያይቶ ማየት የዳይሬክተር ዓይን ነው።

ትምህርቷ 12ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የ2015 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ የነበሩበት ነው። እሷ ከቀሪዎቹ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቴአትር የመማር ሐሳቧ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ቪዲዮ ቤት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ኬብል ተሸካሚ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ካሜራ፣ አሁን ደግሞ ኤዲተር ሆናለች።

ሠርግ ያስተማራት፣ ሠርግ ያጎደለባት

የሠርግ ቀረጻን የሚንቁ የፊልም ሰዎች አውቃለሁ። አልስማማም። ሠርግ ላይ «እንደገና» የሚባል ነገር የለም። እናት ልጇን አቅፋ የምታለቅሰው አንዴ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። ካሜራ የያዘው ሰው ሊመጣ ያለውን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ልጅቷ ይህን ችሎታ እዚያ አዳብራለች። ሴት በመሆኗም ወንዶቹ የማይገቡበት ትገባለች። ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ውስጥ፣ አክስቶች የሚንሾካሾኩበት፣ ሚዜዎች መርፌና ክር የሚፈልጉበት ሰዓት ላይ እሷ ጥግ ይዛ ትቀርጻለች። ሳሪስ ካሉት ልጆች ሁሉ የሷ ቀረጻ የሚለየው በዚህ ነው።

ሠርግ ያላስተማራት አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ። የሠርግ ቪዲዮ ዘፈን ይለብሳል። ሰው ምን አለ፣ ንፋሱ ምን ያህል ነበር፣ ጄኔሬተሩ ይጮህ ነበር ወይ፣ ማንም አይጠይቅም። ቀረጻውን የሚሸፍን ሙዚቃ አለ። እንዲህ ለዓመታት የሠራ ልጅ ሥዕሉን አሳምሮ ድምፁን ይረሳል። የመጀመሪያ የሙከራ ሥራዋን ሳይ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን የሚሉት አይሰማም።

የሚገርመው ጆሮ አላት። ልጅነቷን የምታስታውሰው በሁለት ድምፅ ነው። አንዱ የሠፈር ፊልም ማሳያ ቪዲዮ ቤት ትርጉም ፊልም ነው። የህንድ ፊልም እየሮጠ አንድ ሰው በአማርኛ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ሆኖ የሚያወራበት ማለቴ ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የሚያዩት ልጆች የተዋናዩን ስም ሳያውቁ የተርጓሚውን ድምፅ ለይተው ያውቁ ነበር። ሁለተኛው እናቷ እየጋገሩ የሚሰሙት የሬዲዮ ትረካ ነው። እናቷ እስከ ዛሬ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በስልክ ከፍተው ይጋግራሉ። «እማዬ ሊጥ ስታፈስ ትረካው ፀጥ ያለበት ቦታ ላይ ቆም ትላለች» አለችኝ አንዴ። በሉ እንግዲህ፣ የድምፅ ትምህርት ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? ችግሩ ይህን ከፊልም ጋር አገናኝታው አታውቅም ነበር።

ከፊልም ሠሪዎች አብዝታ የምታነሣው ኃይሌ ገሪማን ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያየችው በስልኳ፣ ባቡር ውስጥ ቆማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በንጉሡ መውረድ አገር በሚናወጥበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ ሥራ ነው። የሁለቱን ሳምንት ነገር ደጋግማ ታነሣዋለች። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነገርኳት፦ የኃይሌ አባት ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ በየገጠሩ እየተዘዋወሩ ተውኔት ያሳዩ ነበር። ሕዝቡ ካለበት ድረስ ሄደው ማለት ነው። ይህን ስትሰማ ዝም አለች አልልም፤ ወዲያው ስልኳ ላይ ጻፈችው።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ንም ትወዳለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የልጅና የበግ ታሪክ ካን መድረሱ «የኛም ሠፈር ነገር ይበቃል ማለት ነው» አሰኝቷታል።

ትልቅ ስክሪን ላይ ፊልም ማየት ግን ለሷ ቀላል አይደለም። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም ሆነ ጎተ ኢንስቲትዩት ፊልም ያሳያሉ። ሁለቱም ያሉት መሃል ከተማ ነው። ማታ የሚታይ ፊልም ሲያልቅ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ሳታይ ትወጣለች። ስለ ከተማ ዳር ወጣቶች ስናወራ ተሰጥኦ፣ ፍላጎት፣ ዕድል እንላለን። የምሽት ትራንስፖርት ግን ማንም አያነሣም።

የዕቁቡ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የእናቷ ዕቁብ ወጣ። 60,000 ብር ነው። እናቷ «ለሙያሽ አድርጊው» አሏት። ለዚህ ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የልጅቷ ሐሳብ ያገለገለ ካኖን ካሜራ መግዛት ነበር። ሌንስ ሲጨመርበት ብሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ምክንያቷ ግን ጠንካራ ነበር። አለቃዋ የራሷን ካሜራ ይዛ ብትመጣ ክፍያዋ እንደሚጨምር ነግሯታል። የራሷ ካሜራ ካላት ደግሞ አንድ ቀን በራሷ ሠርግ መቀበል ትችላለች። እናቷም ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ካሜራ እንጀራ ይሆናል።

እኔ በተቃራኒው ነበርኩ። ስልኳ ደህና ይቀርጻል። የሌላት ድምፅ መቅጃ፣ ፋይል ማስቀመጫ፣ የላፕቶፕ ሜሞሪና ሰዎችን እያበላች የምታሠራበት ገንዘብ ነው። ካሜራውን ከገዛች ፊልሙ አይሠራም፤ የሚቀጥለው ዓመትም በሠርግ ያልቃል።

«ጋሼ፣ በስልክ የቀረጽኩትን ማን ፊልም ይለዋል?» አለችኝ።

«አንቺ የሠራሽው የማይሰማ ከሆነ በምንም ቢቀረጽ ማንም ፊልም አይለውም» አልኳት። ትንሽ ጠንከር ብዬባት ነበር። ቅር ብሏት ሄደች።

ሐሳቧን ያስቀየረው የእኔ ምክር አልነበረም። ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ቪዲዮ ቤቱም ቀዘቀዘ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነይ ተባለች። 55 ቀን ማለት ረጅም ነው። ካሜራ ብትገዛ እንኳ በእነዚያ ሳምንታት የሚከራየው የለም። ጊዜው ግን ነበራት። ብሩን ለሁለት ከፈለችው፦ ግማሹ ለገመድ አልባ ማይክ፣ ለትንሽ የሚሞላ መብራት፣ ለሃርድ ዲስክና ለላፕቶፕ ጥገና፤ ቀሪው ለሰዎች ምግብና ትራንስፖርት፣ የተረፈው ለጤፍ መግዣ ወደ እናቷ ይመለሳል።

ቀረጻው

ታሪኩ ከእናቷ ሥራ የወጣ ነው። ሊጥ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ለመጋገር ተዘጋጅቶ ሳለ መብራት ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋልና በትንሽ ባትሪ አይነሣም። ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ንጋት ላይ የሚረከቡት ሱቆች አሉ። እንጨትና የሸክላ ምጣድ ያላት አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት። ከእሷ ጋር ደግሞ ተኳርፈዋል። ይኸው ነው። ሁለት የተኳረፉ ሴቶች፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ሌሊት።

ተዋናዮቹ ራሳቸው የሠፈሩ እንጀራ ጋጋሪዎች ናቸው። እናቷ ካሜራ ፊት አልቀርብም አሉ። ግን ከጀርባ ቆመው ሳያስቡት ዋነኛ ተቆጣጣሪ ሆኑ። አንድ ቀረጻ ልጅቷ ረክታበት ስታበቃ «ተይው፣ ሊጡ ገና ነው። ይሄ ዓይን አያወጣም» አሏት። እውነትም አላወጣም። እንደገና ተቀረጸ። ፊልሙ ውስጥ ምጣዱ በማሰሻ ታሽቶ፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየዞረ ፈስሶ፣ የእንጀራው ዓይኖች አንድ በአንድ ሲከፈቱ የሚታይበት ረጅም ቅርብ ሥዕል አለ። አክምባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ ሌንሱን ይሸፍነዋል፤ እሷ አልቆረጠችም፤ እንፋሎቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሲያልፍ የሴትዮዋ ፊት ይታያል። ከፊልሙ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ያጋጠማት የመጀመሪያ ቴክኒካዊ ችግር ብልጭልጭታ ነበር። በመብራት የተቀረጹት ሥዕሎች ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ። ብዙ ጀማሪዎች ስልካቸው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ስልኩ ደግሞ እንደ ተለመደው በሴኮንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል)፣ ሹተሩም (እያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ነበር። አይገጣጠሙም። ፍሬሙን ወደ 25፣ ሹተሩን ወደ 1/50 የሚያስቀይር የካሜራ አፕ ጫነች፤ ችግሩ ጠፋ። ለዚህ አንድ ብር አልወጣም። በኢትዮጵያ መብራት በስልክ ለሚቀርጽ ሁሉ ይህን ደግሜ እላለሁ፦ 25፣ 1/50።

የጨለማው ሌሊት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። መብራት ጠፋ የሚለውን ትዕይንት መብራት ሲጠፋ መቅረጽ አይቻልም፤ ሥዕሉ ጭቃ ይሆናል። እሷ ትንሿን የሚሞላ መብራት ነጭ የጤፍ ከረጢት ላይ አስመታ ለስላሳ ብርሃን አገኘች። ከእሳቱ ጋር እንዲስማማ ቀለሙን ወደ ሞቃታማ አደረገችው።

ድምፁ ግን ከሁሉ ከበደ። ማይኩን ነጠላ ሥር ስትደብቀው ጥጡ ሲንሻሻ ንግግሩን ዋጠው። የቁስል ፕላስተር በሁለት በኩል አጣጥፋ ማይኩን ከቀሚሱ ደረት ጋር አጣበቀችው፤ ነጠላው እንዳይነካው ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ወደ ጎን ያዘችው። ያኔ ተስተካከለ። የፍጥነት መንገዱን የከባድ መኪና ጩኸት ማስቆም አይቻልም። በእያንዳንዱ ቦታ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለብቻው አንድ ደቂቃ እንድትቀዳ ነገርኳት። ኤዲት ሲደረግ ያ ድምፅ ከሥር ሲነጠፍ መኪናው የመጣበትና ያልመጣበት ቁርጥራጭ አንድ ሌሊት ይሆናል። እንዲያውም የመኪናዎቹ ድምፅ ለፊልሙ ጠቀመው፤ ሁለቱ ሴቶች ዝም ሲባባሉ ከሩቅ የሚሰማው እሱ ነው።

የግቢው ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቋት ነበር። እናቷ ቡና አፍልተው ጠሩዋቸው፤ አለቀ።

ያላለቀው ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱ ተኳራፊዎች አንዷን የምትሠራው ሴት መሃል ላይ ባለቤቷ ከለከላት። «ሚስቴ ስልክ ለስልክ ስትዞር አላይም» አለ። ልጅቷ ሽማግሌ ላከች፣ አልሆነም። ሁለት ትዕይንት ገና ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ። እሷ ታሪኩን ቀየረችው፤ ሴትዮዋ በቀሪዎቹ ትዕይንቶች አትታይም፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ትሰማለች። ሴትዮዋ ለድምፅ ብቻ ፈቃድ አገኘች፤ ቤቷ ቁጭ ብላ ተቀዳች። የእርቁ ንግግር በበር መሃል ይደረጋል። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ይበልጣል። ያ ማይክ ባይኖር ፊልሙ እዚያው ሞቶ ነበር።

ኤዲቲንግና ማሳየት

ኤዲት ያደረገችው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻ እትም ነው። ላፕቶፑ ሙሉውን ፋይል አይጎትትም፤ ቀለል ያሉ ቅጂዎች አዘጋጅታ በእነሱ ሠራች። የመጀመሪያው ቅንብር 19 ደቂቃ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ለብሶ። የሠርግ እጅ ነው ያ። «ሙዚቃውን ሁሉ አውጪና ደግመሽ እዪው» አልኳት። ስታወጣው የሚጎትቱት ቦታዎች ራሳቸው ታዩ። 11 ደቂቃ ሆነ።

ከማንም በፊት ለሠፈሩ አሳየችው። የጋራ መገልገያው ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፣ ፕሮጀክተር በተውሶ መጣ። የኃይሌ አባት ነገር ከአእምሮዋ እንዳልጠፋ ገባኝ።

ሴቶቹ ዝም ብለው አላዩም። «እሷ ናት እኮ!»፣ «ውይ ጉዴ!» ይባላል። ልጅቷ ያዝናል ብላ ያሰበችበት ቦታ ላይ ሳቁ፤ ይሰለቻል ብላ የፈራችው የእንጀራው ረጅም ሥዕል ላይ ግን ፀጥ አሉ። አንዷ ጎረቤት «ይቺ ታውቃለች፣ ከዳር ነው የጀመረችው» ብላ ጎኗ ላለችው ነገረቻት። ሲያልቅ አንዲት አዛውንት «ሊጡስ? ደረሰ አልደረሰም?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ልክ ነበር። ፊልሙ በእርቁ ላይ ያበቃ ነበር። እኔም ያን መጨረሻ ወድጄው ነበር። ለነዚያ ሴቶች ግን ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቁለት እንጀራ ሳይደርስ ታሪኩ አላለቀም። ልጅቷ የጣለችውን አንድ ሥዕል መለሰች፤ ወንድሟ በሰፌድ ሙሉ እንጀራ ተሸክሞ ሱቅ በር ላይ ሲያንኳኳ። ከአንድ ወር የኤዲቲንግ ምክሬ የሚበልጥ ማስተካከያ ከአንድ ጥያቄ ተገኘ። ፊልም ጉዳዩን ለሚያውቁት ሰዎች አስቀድሞ መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የከፈለችው ዋጋ አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ፋሲካ አልፎ የሠርግ ወቅት ሲመለስ አለቃዋ የራሱ ካሜራ ያለው ልጅ ቀጥሮ ጠበቃት። እሷ ኤዲቲንግ ላይ ቀረች፣ ገቢዋም ቀነሰ። ፊልሙ እስካሁን ገንዘብ አላመጣም። እናቷ ያኔ ያሉት ትክክል ነበር፤ ካሜራው እንጀራ ይሆን ነበር። እኔ አሁንም የመከርኳትን አልቀይርም፣ ግን ብሩ የእኔ እንዳልነበር አልረሳም። ለሌላ ልጅ ስመክር ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የምጠይቀው የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ነው።

ያተረፈችው ደግሞ የሚታይ ነው። የጨረሰችው ሥራ አላት። አንድ የማስታወቂያ ቡድን ፊልሙን አይቶ ለድምፅ ሥራ ሁለት ጊዜ ጠርቷታል፤ ለካሜራ አይደለም። የቀን ክፍያው ከሠርጉ ይሻላል።

አሁን የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እያዘጋጀች ነው፤ የውጭ ፌስቲቫሎች ላይ ልትልከው። በዚህ ላይ አልተስማማንም። እኔ መጀመሪያ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ላሉ ጋጋሪዎች ይታይ እላለሁ፤ እሷ የማመልከቻው ጊዜ ያልፍብኛል ትላለች። በራሷ ስም ዕቁብ ገብታለች፣ ለካሜራ። ቀጣዩን ታሪክም ጀምራለች፤ የሃይገር ሰልፍ ላይ ቆመው ቃሊቲ ነኝ ያሉት ሴት ናቸው።